የምቱ መንገድ

በጥሩ እጅ የተጠገነ የጊታር አምፕሊፋየር ከፊት ለፊቱ ሲታይ ምንም አያወራም። የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹ ተሰልፈዋል፤ ስፒከሮቹን የሸፈነው ጨርቅ ተወጥሯል፤ የፋብሪካው ስም ማዕዘን ላይ ያበራል። ሥራውን ለማየት ወደ ኋላው መዞር፣ የክዳኑን ቪቴዎች መፍታት፣ ባትሪ አብርቶ ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ያኔ ነው የሰው እጅ የሚታየው፦ ትራንስፎርመሩ ሥር የገባች ሰፊ ላሜራ፣ በሁለት ነጥቦች መካከል ሆን ተብሎ ረገብ ተደርጋ የተዘረጋች ሽቦ፣ የእንጨቱ ማዕዘን ውስጥ የተለጠፉ ትንንሽ ድጋፎች፣ ዳዶው እንዳይፈታ ከሥሩ የተቀመጠ ጥርሳም ሮንዴላ። እኔ እነዚህን ሳይ ቆሜ እቀራለሁ። ጊታር ሠሪ ይወደሳል፣ ተጫዋች ይጨበጨብለታል፤ ከመኪና ላይ የወደቀውን አምፕ ለመድረክ ያበቃው ሰው ግን ሒሳቡን ከተቀበለ በኋላ ማንም አያነሳውም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም በሙዚቃ ዙሪያ ካሉ የእጅ ሥራዎች ሁሉ ይህን ያህል የብረት፣ የእንጨትና የኤሌክትሪክ እውቀት በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚጠይቅ ሌላ አላውቅም።

ነገሩን በአንድ ዕቃ ላይ ብናየው ይሻላል። ትዊን ሪቨርብ የሚባለውን የፌንደር አምፕ ልውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1963 ካሊፎርኒያ ውስጥ መሠራት የጀመረ ነው፤ ባለ 12 ኢንች ሁለት ስፒከሮች፣ 6ኤል6 የሚባሉ አራት ትልልቅ የኃይል ቲዩቦች፣ 85 ዋት ጉልበት አለው። ክብደቱ 29 ኪሎ ገደማ ነው፤ ይህ ሁሉ በአንድ እጀታ ይነሳል። የኩባንያው መሥራች ሊዮ ፌንደር ጊታር መጫወት አያውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 ፉለርተን ከተማ ውስጥ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ዕቃ በምን በኩል እንደሚበላሽ በየቀኑ ሲያይ ኖሯልና አምፖቹም ያንን እውቀት ተሸክመዋል። ውስጡ ያለው ሁሉ በካቻቢቴና በመበየጃ ብረት ይደረስበታል። ሬዚስተሮቹና ካፓሲተሮቹ ጠንካራ ሰሌዳ ላይ በተደረደሩ የነሐስ ቀዳዳዎች ላይ በእጅ ተበይደዋል፤ አንዱን ለመቀየር ሌላውን መንካት አያስፈልግም። የትኛው ቲዩብ የት እንደሚገባ የሚያሳይ ወረቀት ሣጥኑ ውስጥ ተለጥፏል። በዚያ ዘመን ከተሠሩት በብዙዎቹ ሻንሲ ውስጥ ደግሞ የበየደችው ሠራተኛ ስሟን የጻፈችባት ቁራጭ የወረቀት ፕላስተር ትገኛለች። ደህና ጠጋኝ ያንን ቁራጭ ከቦታው አያነሳም።

ክብደቱ እንዴት እንደተከፋፈለ ማየት ደስ ይላል። ትራንስፎርመሮቹን የተሸከመው የብረት ሻንሲ ከሣጥኑ የላይኛው ሳንቃ ላይ በረጃጅም ብሎኖች ተንጠልጥሏል፤ ቲዩቦቹም ከእሱ ወደ ታች ተዘቅዝቀዋል። እጀታው የታሰረው እዚያው ሳንቃ ላይ ነው። ስለዚህ አምፑ ሲነሳ የብረቱ ሸክም በቀጥታ ወደ እጅ ይሄዳል እንጂ የሣጥኑን መጋጠሚያዎች አይጎትትም። መጋጠሚያዎቹ የሚሸከሙት ስፒከሮቹንና የቀረውን እንጨት ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ የታሰበው ግን ዕቃው በእጅ ተነስቶ በእጅ ለሚቀመጥበት ቀን ነው። ከጭነት መኪና ላይ ሲወድቅ ሌላ ሒሳብ ይመጣል። ሣጥኑ መሬት ሲነካ ይቆማል፤ ከሁሉ የሚከብደው ትራንስፎርመር ግን ጉዞውን መቀጠል ይፈልጋል። የሚያስቆመው የተቀመጠበት ላሜራ ነውና ላሜራው በብሎኖቹ ዙሪያ ይጎብጣል። ሻንሲው ሲጎብጥ በውስጡ የታሰረው ሰሌዳ ይወጠራል፤ ሰሌዳው ሲወጠር የክፍሎቹ እግሮች ይሳባሉ፤ ምቱ እንዲህ እያለ ከሁሉ የደከመውን ቦታ እስኪያገኝ ይጓዛል። ብዙ ጊዜ ያ ቦታ ሽቦው ከብየዳው የሚወጣበት ጫፍ ነው፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ፣ አንዳንዴ ድምፅ የሚሰጥ አንዳንዴ ዝም የሚል።

የሙያው ብልሃት ሁሉ ከዚህ ይመነጫል ብዬ አምናለሁ። ተራ ጠጋኝ የተሰበረውን ፈልጎ ያገናኛል፤ አምፑም ይጮኻል፣ ገንዘቡም ይከፈላል። ጎበዙ ግን ምቱ በየት ገብቶ በየት እንዳለፈ ይጠይቃል። ያንን መንገድ ካወቀ በኋላ ነው የሚያጠናክረው፤ የሚያጠናክረውም ቀጣዩ ምት ሲመጣ ሸክሙን ብረቱና እንጨቱ እንዲቀበሉት፣ ብየዳው ጋ ሳይደርስ እንዲቀር ነው።

አንድ አንጋፋ ባለሙያ እንዲህ ያለ የወደቀ ትዊን ሪቨርብ ሲመረምሩ አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ። ሶኬት ላይ አልሰኩትም። መጀመሪያ ያዩት አቧራውን ነበር። በአንድ ብሎን ራስ ዙሪያ ዓመታት የተከማቸው አቧራ ተቆርጦ ከሥሩ ቀጭን ንጹሕ ብረት ብቅ ካለ ያ ብሎን ከቦታው ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። የተላጠው የታችኛው የቀኝ ጥግ ነው፤ እሳቸው ግን ጣታቸውን ወደ ላይኛው ግራ ላኩ፤ መጋጠሚያው እዚያ ተከፍቶ አገኙት። ሣጥን በአንድ ጥግ ሲመታ መላ ቅርጹ ይንሻፈፋልና ስንጥቁ ከተመታው ጥግ ርቆ ሊወጣ ይችላል። ከዚያ አምፑን ቀስ ብለው አዘነበሉት፣ ጆሯቸውንም አስጠጉ። የተፈታ ዳዶ፣ የሚንከባለል ቪቴ፣ የመስታወት ፍርፋሪ፣ እያንዳንዱ የየራሱ ድምፅ አለው። እስክሪብቶ አውጥተው ጻፉ። መበየጃው ገና አልሞቀም ነበር።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው፤ ማንም ቤቱ እንዲሞክረው አልመክርም። ማጣሪያ ካፓሲተሮቹ ከ400 ቮልት በላይ የሆነ ጉልበት ይይዛሉ፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ሳይለቁት ሊቆዩ ይችላሉ። ችኩል ሰው ጫፎቹን በካቻቢቴ ያገናኛቸዋል፤ ብልጭታው ብረቱን ይበላል፣ ካፓሲተሩንም ይጎዳል። እሳቸው ለዚህ ብለው በተሸፈነ ሽቦ ላይ የበየዱት ሬዚስተር አላቸው። በአንድ እጅ ይዘው ጫፉን አስነክተው ጠበቁ፤ ሁለተኛው እጃቸው ጀርባቸው ላይ ነበር። ሁለት እጅ ከገባ ጅረቱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ሊወጣ፣ በመካከል ልብን ሊያቋርጥ ይችላልና። ከዚያ በቮልት መለኪያ አረጋገጡ፤ ትንሽ ቆይተው እንደገና ለኩ፤ ካፓሲተር ከተራገፈ በኋላ ጥቂት ቮልት መልሶ ሊያሳይ ይችላል።

የጎበጠ ላሜራ በመዶሻ አይቃናም። መዶሻ ብረቱን ይለጥጠዋል፤ የተለጠጠ ብረት ደግሞ የሚሄድበት ቦታ ስለሌለው ከአንዱ ወገን ሲመታ በሌላው ወገን ያብጣል። ትራንስፎርመሮቹ ተፈትተው ወረዱ፤ ላሜራው በሁለት ጠንካራ ጣውላዎች መካከል ገብቶ በሞርሳ ቀስ በቀስ ተጠበቀ። ብረት ሲለቀቅ ወደ ነበረበት መመለስ ይወዳል፤ ስለዚህ ከሚፈለገው መስመር ትንሽ አሳለፉት። ለቀቁት። ማስመሪያ አስጠግተው በማስመሪያውና በብረቱ መካከል የሚሾልከውን ብርሃን አዩ። እንደገና አጠበቁ። ይህ ብዙ ተደጋገመ። እኔ የተቃና መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ከትራንስፎርመሩ ቀዳዳዎች በአንዱ አጠገብ የቀረችውን የብርሃን ክር እስክትጠፋ አልተዉትም። ምክንያቱን ሲነግሩኝ ገባኝ፦ ጎባጣ ላሜራ ላይ ተመልሶ የታሰረ ትራንስፎርመር አንዱ ብሎን ብቻ ይሸከመዋል፤ ሌሎቹ የጠበቁ ይመስላሉ እንጂ ሥራ አይሠሩም።

ማጠናከሪያው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሸክሙ ቀድሞ በብሎኖቹ ራስ ልክ በሆኑ ትንንሽ ቦታዎች ላይ ያርፍ ነበር፤ አሁን ከሥር የገባ ሰፊ ብረት ይቀበለዋል። የዚህ ብረት ጠርዝ ወደ ላይ ታጥፏል። መታጠፉ ነው ቁም ነገሩ፤ ጠፍጣፋ ላሜራ በሁለት እጅ ይጎብጣል፣ ጠርዙ የታጠፈ ያው ላሜራ ግን አይበገርም። ተራ ዳዶዎቹ የናይሎን ቀለበት ባላቸው ተተኩ። ቀዳዳ ሲበሱ ሰሌዳውን በጨርቅ ሸፍነው ነበር፤ ሲጨርሱ ፍቅፋቂውን በማግኔት ለቀሙ። አንዲት የብረት ፍርፋሪ የቲዩብ ሶኬት ሥር ብትቀር ያ 400 ቮልት የሚሻገርባት ድልድይ ትሆናለች።

ከዚህ በኋላ አናጢነት ነው። ሳንቃዎቹ ፓይን የተባለ ቀላል እንጨት ናቸው፤ ማዕዘኖቻቸው እንደተቆላለፉ የሁለት እጅ ጣቶች ጥርስ በጥርስ ይገጥማሉ። እንዲህ ያለ መጋጠሚያ ለሙጫ ሰፊ ገጽ ስለሚሰጥ በቀላሉ አይለቅም፤ ከለቀቀ ግን በስንጥቁ ቪናቪል አፍስሶ ማሰር አያዋጣም። ቪናቪል የሚይዘው እንጨቱን ነው፤ በደረቀ ሙጫ ላይ የፈሰሰ ሙጫ ለጊዜው የያዘ ይመስላል እንጂ በመጀመሪያው ግጭት ይላቀቃል። ስለዚህ ሣጥኑን ያለበሰው ጥቁር ልባስ በሞቀ አየር ለስልሶ ተገለጠ፤ መጋጠሚያው ጥርሶቹ ሳይሰበሩ ተከፈተ፤ የድሮው ሙጫ ከእያንዳንዱ ጥርስ ላይ በቀጭን መሮ ተፋቀ። አዲሱ ሙጫ ተቀብቶ በሞርሳ ከታሰረ በኋላ ከጥግ እስከ ጥግ በሁለቱም ሰያፍ ተለካ። ሁለቱ ልኬቶች እኩል ሲሆኑ ነው ሣጥኑ ቀጥ ያለው፤ እኩል ካልሆኑ ሙጫው ሳይደርቅ ሞርሳውን ማዘዋወር ነው።

በማዕዘኑ ውስጥ ድጋፍ ሲለጥፉ አንድ ረጅም እንጨት ከፊት እስከ ኋላ ይሰድዳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አጫጭር ቁራጮችን በመካከላቸው ክፍተት እየተዉ ለጠፉ። እንጨት በእርጥበትና በድርቀት ከጅማቱ አግድም ይሰፋል፣ ይጠባል፤ በዚያ አቅጣጫ ረጅም ድጋፍ ቢጣበቅበት መንቀሳቀስ ይከለከልና ሳንቃው ራሱን ይሰነጥቃል። አጫጭሮቹ ግን እንዲተነፍስ ይተዉታል፣ ማዕዘኑንም ይይዛሉ። ልባሱ ተመልሶ ሲለጠፍ የተገለጠበትን መስመር ፈልጌ አጣሁት።

ስለ ብየዳው ብዙ ማለት ይቻላል፤ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ከመበየዱ በፊት ያለው ነው። ባለሙያው 63 እጅ ቆርቆሮና 37 እጅ እርሳስ የሆነ ሊድ ይጠቀማሉ። ይህ ቅይጥ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝም ሊጥ በሚመስል መካከለኛ ደረጃ ሳይዘገይ በአንዴ ይጠነክራል፤ ስለዚህ ሽቦው በዚያች ቅጽበት ተነቃንቆ መጋጠሚያውን የሚያበላሽበት ዕድል ይጠብባል። ያም ሆኖ ሊድ ለስላሳ ብረት ነው። ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል እንጂ ሸክም አይችልም። ስለዚህ ሽቦው መጀመሪያ በቀዳዳው ውስጥ ገብቶ፣ በቀጭን ፒንሳ ዞሮ፣ ሳይበየድም መያዝ አለበት። ቢጎትቱት አይወጣም። ከዚያ በኋላ ነው ሊዱ የሚነካው፤ ዳሩ ወደ ብረቱ ሾልኮ እስኪጠፋ ይፈስሳል፣ እንደ ክብ ጠብታ አይቆምም።

የጊታሩ ኬብል የሚሰካበትን ጃክ ለብቻው ማንሳት ይገባል፤ ብዙ አምፕ የሚሞተው በእሱ ነው። መጀመሪያ ዳዶው ትንሽ ይላላል። ከዚያ ኬብል በተሰካ ቁጥር ጃኩ ዘወር ይላል፣ ከኋላው ያለችው ድፍን ሽቦ ትጠማዘዛለች፣ አንድ ቀን ብየዳው ጫፍ ላይ ትቆረጣለች። ያችኑ ሽቦ አሳጥሮ መልሶ መበየድ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። እሳቸው ሽቦዋን በብዙ ቀጫጭን ክሮች በተገመደ ቀየሩ፤ እንድትንቀሳቀስ ረገብ ያለ ቀለበት ሰጧት፤ ጃኩ ሥር ጥርሳም ሮንዴላ አስገቡ፤ ዳዶውን ሲያጠብቁ ጃኩን ከውስጥ በጣታቸው ያዙ። ዳዶው ሲዞር ጃኩም አብሮ ዞሮ የተበየደው ሁሉ እንዳይጠማዘዝ። ይህቺ ጣት ለኔ የሙያው ሙሉ ምስክር ናት።

አዲሶቹ አምፖች ሌላ ጣጣ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የመጣው የዚያው ኩባንያ ሆት ሮድ ዴሉክስ በብዙ ሙዚቀኞች ዘንድ ይገኛል፤ ክፍሎቹ የታተመ ሰርኪት ላይ ናቸው፣ ጃኩም በቀጥታ ሰርኪቱ ላይ ተበይዷል። አንድ ሰው ኬብሉን ቢረግጥ ምቱ ዳዶውን አልፎ ወደ ቀጭኗ የመዳብ መስመር ይሄዳል፤ መስመሯም ከሰሌዳው ትላጣለች። በስንጥቁ ላይ የሊድ ጉብታ ማስቀመጥ ለአንድ መድረክ ያደርሳል። የሚያዛልቀው ፕላስቲኩን ጃክ አውልቆ የብረት ጃክ ሻንሲው ላይ ማሰር፣ ከዚያም ወደ ሰርኪቱ ረገብ ባለ ሽቦ መድረስ ነው። በሰሌዳው ላይ ቀጥ ብለው የቆሙት ትልልቅ ካፓሲተሮችም በንዝረት እግራቸው ይቆረጣል፤ በመካከላቸው ሲሊኮን ጠብ ተደርጎ እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። ሲሊኮኑ ግን ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት መሆን የለበትም፤ እሱ ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ መዳብ ይበላል።

እኛ አገር ለዚህ ሥራ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ባንዱ ለሠርግ ወይም ለክፍለ አገር ዝግጅት ሲወጣ አምፑ ከጄኔሬተሩና ከድምፅ ማጉያዎቹ ጋር አይሱዙ ላይ ይጫናል። የኮረኮንች መንገድ ንዝረት እንደ ውድቀት በአንዴ አይሰብርም፤ ሰዓት በሰዓት ዳዶ ይፈታል። የቤዝ ጊታሩም፣ ፒካፕ የተገጠመለት ክራርም ከዚያ በኋላ በዚያው አምፕ ይጮኻሉ። በዚህ ላይ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ አምፕ የሚጠብቀው 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220 ነው። ቮልት የሚቀንሰው ትራንስፎርመር መንገድ ላይ ከተረሳና አንዱ በችኮላ በቀጥታ ከሰካው ምንም ማጠናከሪያ አያድነውም። ባለሙያው የገመዱ መውጫ አጠገብ በቀይ ቀለም 120 ብለው በትልቁ ጻፉ፤ ገመዱም ሲጎተት ሸክሙ ሽቦዎቹ ላይ እንዳያርፍ ሻንሲው ቀዳዳ ላይ በመያዣ አሰሩት።

ኤሌክትሪክ የተለቀቀው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያውም በአምፖል በኩል። አንድ ተራ የክር አምፖል ከአምፑ ጋር በተከታታይ ይገናኛል፤ የሆነ ቦታ ሾርት ካለ ጅረቱን አምፖሉ ይቀበልና ፏ ብሎ ይበራል፣ አምፑም ይተርፋል። የሳቸው አምፖል ለቅጽበት በርቶ ደበዘዘ። ከዚያ በቀጥታ ሰክተው፣ በቀጭን የእንጨት ዘንግ እያንዳንዱን ክፍል በስሱ እየነኩ አዳመጡ። አንድ ቦታ ላይ ስፒከሩ ኩርፍ አለ። የቲዩብ ሶኬት ነበር፤ አምፑን አጥፍተው፣ ካፓሲተሮቹን መልሰው አራግፈው፣ የላሉትን የሶኬቱን መያዣዎች በመርፌ ጠበብ ጠበብ አደረጉ። ስፒከሮቹን የፈተሹት በጣታቸው ነው፤ በሾጣጣው ዙሪያ እኩል ተጭነው ወደ ውስጥ ሲገፉ መፋቅ ካልተሰማ በማግኔቱ ክፍተት ውስጥ ያለው ጥቅልል ቦታውን አልለቀቀም። ያ ክፍተት በጣም ጠባብ ነው፤ ከባድ ውድቀት ማግኔቱን ትንሽ ካንሸራተተው ስፒከሩ እንደ አዲስ ካልተሠራ አይድንም።

አንድ ነገር ጠይቄ ነበር፦ ሁሉንም ለምን በወፍራም ብረት አያስሩትም? የተጨመረ ኪሎ ሁሉ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል አሉኝ። ልክ ናቸው። የብረት አንግል በየጥጉ የተበየደላቸው አምፖች አይቻለሁ፤ ለማንሳት ሁለት ሰው ይፈልጋሉ፣ ሁለት ሰው ያነሳውም ከአንዱ እጅ ያመልጣል። እጀታውን ያጠናከሩት ብሎን ከሳንቃው አሳልፈው ከሥሩ ሰፊ ብረት በማስገባት ብቻ ነው፤ ክብደቱ ከአንድ ቁልፍ አይበልጥም።

አምፑን ያስጠገነ ሰው ሲረከብ ድምፁን ብቻ ሰምቶ አይሂድ። የኋላ ክዳኑን ያስከፍት። የተቀየረው ክፍል ስምና ቀን በወረቀት ተጽፎ ውስጡ ይለጠፍለት፤ ቀጣዩ ጠጋኝ ይፈልገዋል። ኬብሉን ሰክቶ ጎንና ጎን ያወዛውዘው፤ ከዚያ ነቅሎ የጃኩን ዳዶ በሁለት ጣት ለማዞር ይሞክር። ቲዩብ ትኩስ እያለ ምት አይወድምና ከተጫወተ በኋላ መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ያቀዝቅዘው። የጃኩ ዳዶ በጣት ከዞረለት ግን አምፑን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ይሂድ፤ ሥራው ገና አላለቀም።